ስልከኛዋ አልበሰለችም

ኑ እስቲ ቁጭ በሉ። ያንን ስልካችሁንም ገልበጥ አድርጉት፤ አይሞትም። አንቺ ወደዚህ ጠጋ በይና ጉልበቴን ተደገፊ። አንተም ያቺን በርጩማ ሳብ አድርጋት።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስትጨቃጨቁ ከጓዳ ሆኜ ሰማኋችሁ። በየሳምንቱ የምታዩት ፊልም ላይ ያለችው ልጅ «እድገት የላትም» አላችሁ። «ስሜቷ ጥልቀት ይጎድለዋል» አላችሁ። አንዱማ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ «አባቷን ይቅር ካላለች ምኑን ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነች?» ሲል ሰማሁት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆየት ብሎ ሳቄ ሄደ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ድርሰት የማስተምራችሁ ነገር የለኝም። ይህን «ጥልቀት» የሚሉትን ቃል ግን የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ። ይናገሩት የነበሩትን ሰዎችም አውቃቸዋለሁ። ንቄያቸው ነው የቀረሁት። አብዛኞቹ ዛሬ አፈር ሆነዋል፤ ንቀቴ ግን እንዳለ አለ፣ አንድ ቀን አልታመመም።

እናቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበረች። ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ አንድ ረጅም ክፍል ነበር፤ መስኮቶቹ በወረቀት ብናኝ ነጥተው ውጭውን አያሳዩም። የኔ ትምህርት የጧት ፈረቃ ስለነበረና ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እመጣና እናቴ ጠረጴዛ ሥር እቀመጣለሁ። ከዚያ ሥር ሆኜ ሰዎቹን የማውቃቸው በጫማቸውና በድምፃቸው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ይመጣል፤ አንዲት ሴት ታጥፈዋለች፤ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። ያንን «እጥፍ» ይሉታል። ይህች አጣፊ በረባ ባልረባው ስለምታለቅስ ስሟን ዝናቧ ብለዋት ነበር። እናቴ እጥፎቹን በተራ ደርድራ በመርፌና በሰም በታሸ ክር ትሰፋቸዋለች። ሙጬ የሚባለው ሰውዬ የተሰፋውን ጀርባ ሙጫ ይቀባዋል። መጨረሻ ላይ ምላጩ ጠርዙን ይከረክመዋል። ምላጩ ማለት መቁረጫ ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰውዬ ነው። ምላሱም እንደ ማሽኑ ነበር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስንት ሺህ መጽሐፍ በእጇ አልፏል፣ አንዱንም አላነበበችም። እንዴት ሳታዛባ ትሰፋለች ብትሉኝ፣ በእያንዳንዱ እጥፍ ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ምልክት ትታተማለች። የአንደኛው እጥፍ ከላይ ናት። የሁለተኛው ዝቅ ትላለች። የሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ዝቅ። ሁሉም በተራቸው ሲደረደሩ ምልክቶቹ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ፤ አንዱ ከተዛባ ደረጃው ይሰበራል። እናቴ የምታነበው ይህን ነበር። የደረጃዋን ልክነት በቀኝ እጇ ሌባ ጣት እየዳሰሰች ትቆጥረዋለች። ያቺ ጣት ከመሃል ተጣማ ነበር። «መርፌ ነው ያጣመመብኝ» ትለኛለች። ለዚህም ነው እኔ እስከ አሥራ ምናምን ዓመቴ መርፌ እፈራ የነበረው።

በዚያ ዓመት አንድ ልብ ወለድ ይጠረዝ ነበር። ምላጩ ማሽኑን የሚሞክረው በተበላሸ ወረቀት ነው፤ ያንን ብላሽ ከርክሞ ያስቀምጥና በምሳ ሰዓት መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ ያነብላቸዋል። የገጹ ቁጥር ከግርጌ ስለሆነ ከሚከረከመው ጠርዝ ጋር ተቆርጦ ይሄዳል፤ እነሱም ወረቀቱ በመጣበት ተራ ዝም ብለው ይሰማሉ። ድምፁን አሳምሮ ሲያነብ ራሱ የደረሰው ይመስል ነበር። ሙጬ «ጋሼ፣ ደራሲው ቢሰማህ መጽሐፉን ላንተ ትቶ ይሰደድ ነበር» ይለዋል። ምላጩ ምስጋና መስሎት አንገቱን ይሰብቃል።

ታሪኩ ስለ አንዲት ስልከኛ ነበር፤ ሰውን ከሰው በሽቦ የምታገናኝ። ባሏ መርከበኛ ነው፤ ጥሏት ሄዷል። ሦስት እጥፍ ሙሉ ትጠብቀዋለች፤ ዝናቧም ሦስቱን እጥፍ ሙሉ አለቀሰችላት። ከዚያ በኋላ በመጣው ወረቀት ላይ ታሪኩ ዘለል አለ። ስልከኛዋ ፊቷን ለመታጠብ ትነሳለች፤ የግድግዳው መስታወት ተሰብሯል። ማን ሰበረው? የሚነግር የለም።

«አንድ ነገር የጎደለ አይመስልም?» አለ ሙጬ።

«አልጎደለም» አለ ምላጩ። «ክፍተት ነው። ትልልቅ ደራሲዎች ሆን ብለው ነው የሚተዉት፣ አንባቢ በልቡናው እንዲሞላው። መስታወቱም እውነተኛ መስታወት አይደለም፤ ነፍሷ ነው።»

«ወይኔ ነፍሷን!» አለች ዝናቧና አለቀሰች።

እንግዲህ የእነሱ ሊቅነት ይህን ያህል ነበር።

የእናቴ ጠረጴዛ ላይ ግን የተደረደረው ክምር አንድ ቦታ ላይ ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ነበር። አራተኛው እጥፍ ቀለሙ ተጨማልቆ ስለተበላሸ እንደገና ሊታተም ተመልሶ ነበር፤ እሱ እስኪመጣ ልትሰፋ አትችልም። ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ፊደል ያልቆጠረችን ሴት ስለ መጽሐፍ ማን ይጠይቃታል?

ክርክራቸውን ብትሰሙት! አንዱ «ጥልቀት አላት»፣ ሌላዋ «የላትም»። እኔ ጥልቀት ሲሉ የጉድጓድ መስሎኝ፣ ስልከኛዋ ወደ ውስጥ ምን ያህል ሜትር ትሆን እያልኩ አስብ ነበር። ከሁሉ የባሰብኝ ግን «በሰለች፣ አልበሰለችም» የሚሉት ነገር ነው። አንድ ቀን አንገቴን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ «ለመብሰል ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምላጩ እንባውን ጠርጎ «እንደ እሳቱ ነው ሚጣ፣ ሰው በመከራ ነው የሚበስለው» አለኝ። እናቴ አልሳቀችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ መርፌ ላይ ሰካች።

ምላጩ የመጨረሻውን እጥፍ ያነበበው ሰኞ ቀን ነበር። መርከበኛው ዝናብ እየወረደበት መጥቶ በሩን ያንኳኳል። ስልከኛዋ ጫማዋን እየጠረገች ነው። ጠርጋ ትጨርሳለች። የተቆለፈውን በር ቁልፍ ደግማ ታዞረዋለች። ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ ሥራዋ ትገባለች። አለቀ።

«በቃ?» አለች ዝናቧ።

«በቃ!» ምላጩ ወረቀቱን በጥፊ መታው። «ይኸው ነው! ይህን ሁሉ ገጽ ተከትለናት ከርመን፣ ቁልፍ! ያ ሁሉ መከራ ምን አስተማራት? ምን አሳደጋት? ጥሬ! ጥሬ ገብታ ጥሬ ወጣች!»

«እኔስ ልክ አደረገች ባይ ነኝ» አለ ሙጬ በቀስታ።

«አንተ ሙጫህን ቀባ! ሴት ልጅ ትልቅ የምትሆነው ይቅር ስትል ነው። ልቧን የዘጋች ገጸ ባሕርይ ምን ገጸ ባሕርይ ናት? ጣውላ ናት እንጂ።»

«እውነቱን ነው እታለም» አለች ዝናቧ፣ ለእናቴ። «ሰው ሲጸጸት በር ይዘጋበታል? የልጅ አባት ላይ?»

ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ፤ ጫማዎቻቸው ሲዞሩ ከሥር ሆኜ አየሁ። ክር የሚፈልጉ መሰለኝ። ስልከኛዋ ልጅ እንደሌላት ግን ያን ጊዜ እንኳ አውቅ ነበር፤ «የልጅ አባት» ያለችው ተሳስታ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጅነት እንዲህ ነው። ጆሮ አለው፣ ልብ የለውም።

አባቴ በዚያ ሰሞን መምጣት ጀምሮ ነበር። የት ከርሞ እንደመጣ አላውቅም፤ «ከሥራ» ብሎኛል። ከማተሚያ ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኝና ብስኩት ይሰጠኛል፤ ፀጉሬን ይደባብሰኛል፤ ኮቱ የሳሙና ሽታ ነበረው። የምላጩ የልጅነት ጓደኛ ስለነበር ሁለቱ በሩ ላይ ሲያወሩ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ምላጩ ትከሻውን መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ትበስላለች» ሲለው ሰማሁ። እኔ ስለ ስልከኛዋ ነበር የመሰለኝ። አባቴም መጽሐፉን ይከታተላል ብዬ ደስ አለኝ!

ሐሙስ ቀን አባቴ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «ሚጣዬ፣ ዛሬ እናትሽ ከፈቀደች አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን። ከእንግዲህ እዚያው ነው የማድረው» አለኝ። «አንቺም እርጂኝ፣ እሺ?»

እሺ አልኩት። ምን እንደምረዳው ባላውቅም ደረቴ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ገባሁ።

ስገባ አዲስ ወረቀት መጥቶ ነበር። ዝናቧ አጥፋለች፤ ምላጩ ብላሹን ከርክሞ ለማንበብ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው። በዚህኛው ወረቀት መርከበኛው ይመለሳል። ስልከኛዋ በሩን ትከፍትለታለች። ውኃ ታሞቅለታለች። ያስቀመጠችለትን ሸሚዝ ከሣጥን ታወጣለች። እሱ በግድግዳው መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን እየተላጨ ያፏጫል፤ እሷ ከኋላው ቆማ «አልፏል፣ ሁሉም አልፏል» ትለዋለች።

ምላጩ ብድግ አለ። ደራሲውን ያሸነፈ ነበር የሚመስለው። «በሰለች! አላልኳችሁም? ቀጣይ ነበረው! በሩን ዘግታ አሰበች፣ አሰበች፣ አደገች! ጥልቀት ማለት ይኸውላችሁ!»

ዝናቧ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። «አየሽ እታለም? አየሽ? እሷስ ሰው አይደለችም?»

«ወረቀት ናት» አለ ሙጬ። ማንም አልሰማውም።

ምላጩ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ጎተት አድርጎ አወጣኝና ፊታቸው አቆመኝ። «እስቲ ሚጣ ትፍረድ። ልጅ አይዋሽም። የቱ ይሻላል፣ የበሰለችው ነው ያልበሰለችው?»

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች አስተያየት ስለጠየቁኝ ኮራሁ። «የበሰለችው!» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ጣፈጠኝና ደገምኩ፤ «እማዬም ትበስላለች!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ ግን ወዲያው ታወቀኝ። ሳቅ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ አንድም ሰው አልሳቀም። ምላጩ ብቻ እጄን ለቀቀና እናቴን እያየ «እንግዲህ ከሕፃን አፍ ነው፤ ሰውየው ውጭ ቆሟል» አለ።

እናቴ ተነሳች። በዚያ ክፍል ውስጥ በምሳ ሰዓት ስትናገር ሰምቼያት አላውቅም ነበር። ዝናቧ ካጠፈችው ላይ አንዱን እጥፍ አነሳች፣ ክምሯ ውስጥ ክፍት ሆኖ የከረመው ቦታ ላይ ሰካችው፣ ክምሩን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ አስተካከለችና ጀርባውን ወደ እነሱ አዞረችው። ጥቁሮቹ ምልክቶች ከላይ እስከ ታች እንደ ደረጃ ወረዱ።

«ማንበብ እንኳ ባልችል መቁጠር እችላለሁ» አለች። በሌባ ጣቷ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነካች። «አንድ። ሁለት። ሦስት። ይቺ ዛሬ ያነበብካት አራተኛዋ ናት ጋሼ። ቁልፉ ዘጠነኛው ላይ ነው። ይቅር ብላዋለች። ስትዘጋበት፣ አስቀድማ ይቅር ብላው ነበር።»

«እንዴት... ተራው...» አለ ምላጩ።

«መስታወቱንስ አልሰማኸውም? ራስህ እኮ ነህ ያነበብከው። የተሰበረ መስታወት ፊት ነው እንዴ የሚላጨው?» ጣቷን ከምልክቱ ላይ አላነሳችም። «ያን ጊዜ ደህና ነበር። ገብቶ ከተላጨ በኋላ ነው የተሰበረው። ነፍሷ ነው አልክ አይደል? መስታወት ነው ጋሼ። ሰው ነው የሰበረው።»

ሙጬ ወደ ሙጫው አጎነበሰ። ዝናቧ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። ምላጩ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ምንም ወደማያሳየው መስኮት። እኔ በጥቁሮቹ ምልክቶች የተገረሙ መሰለኝ። ወደ ምልክቶቹ ያየ እንዳልነበረ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ያዩት ጣቷን ነበር።

ምላጩ ግን ምላጩ ነውና ዝም ብሎ አልቀረም። «እንግዲያማ» አለ መነጽሩን እየጠረገ፣ «ደራሲው አበላሽቶታል። መጀመሪያ አብስሎ ኋላ ጥሬ ማድረግ! የታሪክ አካሄድ አያውቅም ማለት ነው።»

እናቴ መርፌዋን ክር ስታጎርስ ቀና እንኳ አላለችም። «የሚበስል ነገር ለሚበላ ነው የሚበስለው» አለች። «እኔ አንድ ጊዜ ተበልቻለሁ።»

ከዚያ መጽሐፉን ሰፋችው።

ወደ ማታ ስንወጣ አባቴ ብስኩቱን ይዞ በሩ ላይ ነበር። «ሚጣዬ» አለ። እናቴ እጄን ያዘችና እርምጃዋን ሳትለውጥ አለፈችው። ወደ ኋላ እየተጎተትኩ፣ እየጮህኩ ነው ቤት የደረስኩት። ተከትሎን መጥቶ አንኳኳ። እናቴ ቁልፉን ደገመችው። እኔ መሬት ላይ ተዘርግቼ በእግሬ ግድግዳውን እየደበደብኩ፣ ከእነዚያ ሊቃውንት የተማርኩትን ሁሉ አወረድኩባት። «ጥሬ ነሽ! ጣውላ ነሽ! ጥልቀት የለሽም! አልበሰልሽም!»

እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ «ርቦሻል እንዴ?» አለችኝ።

ዓመታት ነው የፈረድኩባት፤ ለአንድ ብስኩትና ለሳሙና ሽታ ብዬ። ሳገባ አባቴን ሠርጌ ላይ ልጠራ ብዬ እንኳ ተጣልቻታለሁ። «ይቅር የማይል ሰው ያላደገ ሰው ነው» አልኳት፤ የምላጩን ቃል በምላጩ ድምፅ። እናቴን የቀበርን ቀን ነው፣ ሙጬ በምርኩዝ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ያለው። ጥርሱ አልቋል። «ያቺን ጣት እኔ ነበርኩ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሐኪም የወሰድኳት» አለኝ። «መርፌ ነው ስትልሽ ኖረች አይደል? አባትሽ አንድ ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነው። ይቅር አለችው። አራት ወር አልቆየም። በሩን ጣቷ ላይ ነው የዘጋባት፤ እያየ። ዝናቧ የእሷን ሥራ ደርባ ስትሠራላት ከርማለች። ምላጩም ያውቃል። ሁላችንም እናውቃለን።»

ያውቁ ነበር! ልጆቼ፣ ንቀቴ እዚህ ላይ ነው። ላልነበረች ስልከኛ የሚያለቅስ ዓይን ነበራቸው፤ በየቀኑ ፊታቸው ክር የምትስበው የተጣመመች ጣት ግን አልታየቻቸውም። ታይታቸው ነበር እንጂ! ታይታቸው ሳለች ነው ጥልቀት የጠየቋት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት። የሌላ ሰው መከራ እነሱ ደስ እንዲላቸው ያምር ዘንድ ይፈልጉ ነበር፤ ለማልቀስ እንዲመች፣ ለማጨብጨብ እንዲመች። ሙጬንም ቢሆን አልማርኩትም፤ በሹክሹክታ ልክ መሆን ምን ይጠቅማል? ከሁሉም አብልጬ የናቅኳት ግን ያቺን ከጠረጴዛ ሥር ወጥታ የተጨበጨበላትን ልጅ ነው። እሷን ግን እናቴ እራት አብልታታለች፤ እኔ ምን ቤት ነኝ።

እንግዲህ ፊልማችሁን እዩ፤ ተከራከሩም፣ አልከለክላችሁም። አንቺ ጉልበቴ ላይ የተኛሽው፣ ስሚኝ እንጂ። ያቺ ልጅ አባቷን ለምን በሩ ላይ እንዳስቀረችው ከመፍረዳችሁ በፊት፣ አራተኛው እጥፍ የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ።

እኔም ነገ ከነገ ወዲያ አልኖርም፤ ስለ ቅድመ አያታችሁ የሚጠይቃችሁ ሰው አይጠፋም፤ «በሩን ባሏ ላይ የዘጋችው» ይሏታል እስከ ዛሬ። ያን ጊዜ አስታውሷት። ስታስታውሷት ታዲያ፣ የኔ ልጆች፣ ከቁልፉ አትጀምሩ። አደራችሁን።